ከጡት ቀዶ ጥገና በኋላ ሥቃይን መቻል ግዴታ ነውን?

በኅብረተሰባችን ዘንድ ሕመምን ዋጥ አድርጎ መቻል እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። በተለይ ሴት ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ቻይው» እየተባለች ታድጋለች። ምጥ ሲይዛት ቻይው፣ ሲደክማት ቻይው፣ ስትታመም ቻይው ትባላለች። ይህ ቻይነት በብዙ የኑሮ ውጣ ውረድ ውስጥ ቤተሰብን አቁሞ ያቆየ መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ ቻይነት ጥቅሙ ቀርቶ ጉዳት የሚያስከትልበት ጊዜም አለ። ከእነዚህም ጊዜያት አንዱ ከቀዶ ጥገና በኋላ ያለው ሰዓት ነው።

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ ጡታቸውን በቀዶ ጥገና ለሚታከሙ እናቶችና እኅቶች የሚመለከት ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚመጣውን ሥቃይ ከመምጣቱ በፊት ነርቮችን በማደንዘዝ እንዴት መቀነስ እንደሚቻል፣ ዘዴው ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደማያስገኝ፣ እንዲሁም ታካሚዋና ቤተሰቧ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ባጭሩ እንገልጻለን።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

የጡት ካንሰር በዓለምም ሆነ በሀገራችን ከሴቶች የካንሰር ዓይነቶች በብዛት የመጀመሪያውን ቦታ የያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች በዚህ በሽታ እንደተያዙ ይገመታል። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ በሽታው አዲስ የተገኘባቸው ሴቶች ቁጥር 16 ሺህ ገደማ እንደሆነ ተገምቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚሄዱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ለመዘግየቱ ምክንያቱ ብዙ ነው። የገንዘብ እጥረት አለ፣ የሕክምና ቦታ ርቀት አለ፣ እብጠቱ ስለማያም «ይጠፋል» ብሎ መተው አለ። ከሁሉም ጋር ተደባልቆ ግን የቢላዋ ፍርሃት አለ። «ተቆርጬ ከምሠቃይ እንዲሁ ልኑር» የሚለው ቃል በየቤቱ የሚሰማ ነው።

እንግዲህ ሥቃዩ ሊቀነስ የሚችል መሆኑን ማወቅ አንዲት ሴት በጊዜ እንድትታከም ከሚያደፋፍሯት ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ያለው ሕመም ሲያልፍ የሚረሳ ተራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ደረቷን የሚያማት ሴት በጥልቀት መተንፈስና ማሳል ትፈራለች፤ በዚህም የተነሣ ሳንባዋ ላይ አክታ ሊጠራቀም ይችላል። ክንዷን ማንሳት ስለምትፈራ ትከሻዋ እየደረቀ ይሄዳል። እንቅልፍ ታጣለች፣ ምግብ ይዘጋታል። ምጣድ ላይ እንጀራ የምታሰፋ እናት፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምትጽፍ መምህርት፣ በስፌት መኪና ላይ የምትውል ሠራተኛ፣ ልጅ የምታዝል ወላጅ ሁሉም የሚተዳደሩት በክንዳቸው ነው። ክንዱ የደረቀ እንደሆነ ጉዳቱ ከታካሚዋ አልፎ ለቤተሰቡ ይተርፋል።

ሕመሙ ከየት ይነሣል?

ነርቮች በሰውነታችን ውስጥ እንደተዘረጉ የስልክ ሽቦዎች ናቸው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። ቆዳ ሲቆረጥ ወይም ሲጎዳ መልእክቱ በእነዚህ መስመሮች አልፎ ወደ ኅብለ ሠረሰር፣ ከዚያም ወደ አንጎል ይደርሳል። ሰው «አመመኝ» የሚለው መልእክቱ አንጎል ከደረሰ በኋላ ነው።

የጡት ቆዳና ሥጋ ስሜቱን የሚያገኘው በዋናነት ከጀርባ አከርካሪ ተነሥተው በጎድን አጥንቶች መካከል ወደ ደረት ከሚዞሩ ነርቮች ነው። ከእነዚህም ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ያሉት ዋናዎቹ ናቸው። ከጡቱ ሥር ያሉትን የደረት ጡንቻዎች የሚያገለግሉ ደግሞ ከአንገት ወደ ክንድ ከሚወርደው የነርቭ ጥቅል የሚመጡ ሌሎች ነርቮች አሉ። ከሁሉም በላይ ግን ለታካሚዎች ችግር የሚያመጣው በብብት ውስጥ አልፎ ወደ ክንድ ውስጠኛ ክፍል የሚሄደው ቀጭን ነርቭ ነው። ሐኪሙ ከብብት ንፍፊቶችን ሲያወጣ ይህ ነርቭ ሊሳብ ወይም ሊቆረጥ ይችላል። ብዙ ሴቶች ከቀዶ ጥገናው በኋላ የክንዳቸው ውስጠኛ ክፍል የሚደነዝዛቸው ወይም የሚያቃጥላቸው በዚህ የተነሣ ነው።

ሙሉ ማደንዘዣ ታካሚዋን ያስተኛታል፤ ስለሆነም ቢላዋውን አታውቀውም። ነገር ግን እርሷ ተኝታ ሳለች መልእክቱ በነርቮቹ ላይ መጓዙን አያቋርጥም። ስትነቃ ሕመሙ ተከማችቶ ይጠብቃታል። ነርቭ ማደንዘዝ ማለት እንግዲህ ከመቆረጡ በፊት መስመሩን ለጊዜው መዝጋት ማለት ነው።

ከታሪኩ በጥቂቱ

ማደንዘዣ ከመታወቁ በፊት የጡት ቀዶ ጥገና ምን ይመስል እንደነበር ከሚያስረዱት ታሪኮች አንዱ የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የፋኒ በርኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1811 በፓሪስ ከተማ አንድ ጡቷ ሲቆረጥ ሕመም ማስታገሻ ተብሎ የተሰጣት ጥቂት ወይን ጠጅ የተቀላቀለበት መጠጥ ብቻ ነበር። በነቃ አእምሮዋ ለ20 ደቂቃ ያህል ሥቃዩን ተቀብላ፣ ሁኔታውን ከወራት በኋላ ለእኅቷ በጻፈችው ደብዳቤ ገልጻዋለች። እስከ 1840 ድረስም ኖራለች።

በሌላው የዓለም ጫፍ ግን ቀደም ብሎ ተስፋ ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1804 ሃናኦካ ሴይሹ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ከዕፀዋት ቀምሞ ባዘጋጀው የሚጠጣ ማደንዘዣ አንዲት አሮጊት አስተኝቶ የጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና አድርጓል። ባለቤቱ መድኃኒቱ እንዲሞከርባት ራሷን ሰጥታ በዚሁ ሳቢያ የዓይኗን ብርሃን እንዳጣች ይተረካል።

ነርቭን ለይቶ የማደንዘዝ ዘዴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 በቪየና ካርል ኮለር የተባለ ሐኪም ኮኬይን ዓይንን እንደሚያደነዝዝ አሳየ። ወሬው አሜሪካ ሲደርስ ዊልያም ሃልስቴድ የተባለው የኒው ዮርክ ቀዶ ሐኪም መድኃኒቱን በነርቮች አጠገብ በመርፌ በመስጠት ሞከረው። በዚያን ጊዜ ጉዳቱ ስላልታወቀ በራሱና በባልደረቦቹ ላይ ሲሞክር ሃልስቴድ የኮኬይን ሱሰኛ ሆነ። ይኸው ሰው በኋላ ጡትን ከነደረት ጡንቻውና ከብብት ንፍፊቱ ጋር ጠቅላላ የሚያወጣውን ከባድ የጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና በ1894 ጽፎ በዓለም አስፋፍቷል። ነርቭ የማደንዘዝን ዘዴ ከጀመሩትና ትልቁን የጡት ቀዶ ጥገና ካስፋፉት አንዱ ያው አንድ ሰው መሆኑ የሚያስገርም ነው። ሁለቱ ሥራዎች በሰፊው የተገናኙት ግን ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ ኮኬይን ቀርቶ እንደ ሊዶኬይንና ቡፒቫኬይን ያሉ ሱስ የማያስይዙ መድኃኒቶች ይሠራባቸዋል። ቀዶ ጥገናውም ቢሆን ቀለል ብሏል። የደረት ጡንቻን ማውጣት ከሞላ ጎደል ቀርቷል፤ በሽታው በጊዜ ከተደረሰበትም ጡቱን ሳያወጡ እብጠቱን ብቻ ማውጣት የሚቻልበት ሁኔታ አለ።

አሠራሩ እንዴት ነው?

ለጡት ቀዶ ጥገና የሚያገለግሉ የነርቭ ማደንዘዣ ዓይነቶች ከአንድ በላይ ናቸው።

የመጀመሪያው በአከርካሪ አጥንት ጎን የሚሰጠው ነው። ነርቮቹ ከአከርካሪው እንደወጡ፣ ገና ሳይበታተኑ ከምንጫቸው የሚደነዝዙበት ስለሆነ ኃይለኛ ነው። ዘዴው በጀርመን ሀገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1905 ሲሆን፣ ለብዙ ዘመን ተረስቶ ቆይቶ በ1979 እንደገና ተነሥቷል።

ሁለተኛው ከፊት በኩል በደረት ጡንቻዎች መካከል መድኃኒቱን የማፍሰስ ዘዴ ነው። ይህን በ2011 እና በ2012 ያስተዋወቀው ራፋኤል ብላንኮ የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም ነው። መርፌው የሚገባው ከቆዳው ሥር ብዙም ሳይርቅ በመሆኑ ከአከርካሪ ጎን ከሚሰጠው ይልቅ ቀላል ነው፤ በተለይ ብብትም አብሮ በሚነካበት ጊዜ ይጠቅማል።

ሦስተኛው በ2016 የተገለጸው ሲሆን፣ መድኃኒቱ የሚሰጠው ጀርባን ቀጥ አድርገው በሚይዙት ጡንቻዎች ሥር ነው። ይህም አሠራሩ ቀለል ያለ በመሆኑ በብዙ ሀገሮች ተዛምቷል።

የማደንዘዣው ባለሙያ በአልትራሳውንድ መሣሪያ ጡንቻውን፣ የደም ሥሩን፣ ጎድኑንና የሳንባውን ሽፋን እያየ ቀጭኑን መርፌ ወደሚፈለገው ቦታ ያደርሰዋል። አልትራሳውንድ ማለት ነፍሰ ጡሮች ጽንሳቸውን የሚያዩበት ያው መሣሪያ ነው። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል። ታካሚዋ በሙሉ ማደንዘዣ ከተኛች በኋላ ሊደረግላት ይችላል፤ ነቅታ ሳለች ከተደረገም በመጀመሪያ ቆዳዋ ስለሚደነዝዝ የሚሰማት ትንሽ ውጋትና መጫን ነው። ከአንድ ጊዜ መርፌ የሚገኘው እፎይታ እንደ መድኃኒቱ ዓይነትና መጠን ቢለያይም፣ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ገደማ ሊቆይ ይችላል።

ምን ይጠቅማል፣ ምንስ አያደርግም?

ጥቅሙ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጎልቶ ይታያል። ታካሚዋ ስትነቃ ሕመሙ ያነሰ ይሆናል። እንደ ሞርፊን ያሉ ኃይለኛ መድኃኒቶች የሚያስፈልጓትም በጥቂቱ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ሲቀንሱ ደግሞ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ መፍዘዝና የሆድ ድርቀት ይቀንሳሉ። ቶሎ ትነሣለች፣ ቶሎ ምግብ ትቀምሳለች።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው በጡት ቀዶ ጥገና ሕመም ላይ ያተኮረ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች መመሪያ ከባድ ለሆነው የጡት ቀዶ ጥገና በአከርካሪ ጎን የሚሰጠውን ማደንዘዣ በአንደኛ ደረጃ፣ በደረት ጡንቻዎች መካከል የሚሰጠውን ደግሞ በአማራጭነት አቅርቧል። ይኸው መመሪያ ነርቭ ማደንዘዝ ብቻውን እንዳይተው ያሳስባል፤ ፓራሲታሞልና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች አብረው መሰጠት አለባቸው።

ይህን ካልን በኋላ ከልክ ያለፈ ተስፋ መስጠት ስለማይገባን ሁለት ነገሮችን እንጨምራለን።

አንደኛው፣ ነርቭ ማደንዘዝ ካንሰሩ ተመልሶ እንዳይመጣ ይከላከል ይሆናል የሚል ግምት ለብዙ ዓመታት ነበር። ይህን ለማረጋገጥ በተለያዩ ሀገሮች ከ2,100 በላይ ሴቶች የተካፈሉበት ትልቅ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2019 ታትሟል። በአከርካሪ ጎን ማደንዘዣ በተሰጣቸውና በተለመደው ሙሉ ማደንዘዣ በታከሙት መካከል በሽታው ተመልሶ በመምጣት ረገድ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ነርቭ ማደንዘዝ የሕመም መድኃኒት እንጂ የካንሰር መድኃኒት አይደለም።

ሁለተኛው፣ ለወራትና ለዓመታት የሚዘልቀውን ሕመም ይከላከላል ወይ የሚለው ጥያቄ ነው። በ2018 ልዩ ልዩ ጥናቶችን ያሰባሰበ አንድ ግምገማ የረጅም ጊዜ ሕመምን እንደሚቀንስ አመልክቷል። ከላይ የጠቀስነው ትልቅ ጥናት ግን በስድስት ወርም ሆነ በአንድ ዓመት ልዩነት አላገኘም። በመሆኑም የመጀመሪያው ቀን እፎይታ የተረጋገጠ ሲሆን፣ የኋለኛው ጥቅም ገና እያከራከረ ነው።

ጉዳት የለውምን?

ጉዳት የሌለው ሕክምና የለም። በትክክል ሲሠራ ከባድ ጉዳት የሚደርሰው አልፎ አልፎ ቢሆንም ማወቁ ይበጃል። መርፌው በገባበት ቦታ ደም ሊቋጥር ይችላል። መርፌው የሳንባን ሽፋን ከበሳ አየር በሳንባ ዙሪያ ሊጠራቀም ይችላል። ማደንዘዣው በስሕተት ወደ ደም ሥር ከገባ ወይም ከመጠን በላይ ከተሰጠ ከንፈር ይደነዝዛል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ ራስ ይዞራል፤ ሲብስም የሚጥል በሽታ መሰል መንቀጥቀጥና የልብ መዛባት ይከተላል። ለዚህ ችግር በደም ሥር የሚሰጥ የስብ ፈሳሽ መድኃኒት አለ። ነቅታ ሳለች መርፌው የሚሰጣት ሴት ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ከተሰማት ሳታፍር ወዲያውኑ መናገር አለባት።

የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው በክብደት ነው። ክብደትን በሚዛን ማወቅ ስለዚህ ወግ ብቻ አይደለም።

በእኛ ሀገር ሁኔታስ?

በሀገራችን ማደንዘዣ የሚሰጡት በአብዛኛው ሐኪም ያልሆኑ፣ ነገር ግን እንደ ጎንደርና ጅማ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች በዚሁ ሙያ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። የእነርሱ ድካም ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ከቀዶ ሐኪሙ ቀጥሎ ነው። ታካሚዋ ስለ ሕመም መጠየቅ ያለባት ግን በተለይ እነርሱን ነው።

አልትራሳውንድና በዚህ ሥራ የተለማመደ ባለሙያ በየሆስፒታሉ እኩል አይገኝም። ይህ ማለት ግን ሌላ መንገድ የለም ማለት አይደለም። በአከርካሪ ጎን የሚሰጠው ማደንዘዣ አልትራሳውንድ ከመምጣቱ በፊትም የአጥንትን ቦታ በጣት እየለኩ ይሠራ ነበር፤ ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ካለ ዛሬም ይሠራል። ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ቁስሉ ክፍት ሳለ ጡንቻዎቹን በዓይኑ እያየ በመካከላቸው መድኃኒቱን ሊሰጥ ይችላል። ይህም ካልሆነ በስፌቱ ዳር ዳር ማደንዘዣ መርጨት ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይረዳል። ሊዶኬይንም ሆነ ቡፒቫኬይን የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ብሎ በዘረዘራቸው መድኃኒቶች ውስጥ ያሉ፣ ለረጅም ዘመን የተሠራባቸው ናቸው።

ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚጠየቁ

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ታካሚዋ ወይም አስታማሚዋ ከቀጠሮው ቀን በፊት የሚከተሉትን ቢጠይቁ መልካም ነው።

1. ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለሕመሜ ምን ታስቦልኛል?
2. በዚህ ሆስፒታል ነርቭ የማደንዘዝ ዘዴ አለ? ለእኔ ዓይነት ቀዶ ጥገናስ ይሆናል?
3. ከሌለ በስፌቱ ዙሪያ ማደንዘዣ ሊደረግልኝ ይችላል?
4. ማደንዘዣው ከስንት ሰዓት በኋላ ይለቃል? በዚያን ጊዜ የምወስደው መድኃኒት ምንድን ነው?

ከዚህ በቀር ሳይጠየቁም ቢሆን መነገር ያለባቸው ነገሮች አሉ። ከዚህ ቀደም በጥርስ ሕክምናም ሆነ በሌላ ጊዜ ማደንዘዣ አስቸግሮ እንደሆነ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወሰድ እንደሆነ፣ የልብ፣ የጉበት፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ሕመም ካለ፣ እርግዝና ካለ ወይም ሕፃን ይጠባ እንደሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። የባህል መድኃኒት የወሰደችም ሴት ልትደብቅ አይገባም። ባለሙያው የሚጠይቀው ሊወቅሳት ሳይሆን የሚሰጣትን መድኃኒት ለመምረጥ ነው።

ማደንዘዣው ሲለቅ

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ታካሚዋ ከቀዶ ጥገናው ወጥታ «ምንም አላመመኝም» ብላ የታዘዘላትን ክኒን ትተወዋለች። ማታ ላይ ማደንዘዣው ሲለቅ ሕመሙ ባንድ ጊዜ ይመጣባታል። ያን ጊዜ የተዋጠ ክኒን እስኪሠራ ድረስ የምታሳልፈው ሰዓት ረጅም ነው። ስለዚህ ክኒኑ መወሰድ ያለበት ሕመሙ ሳይመጣ፣ በታዘዘው ሰዓት ነው። ለአዋቂ ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ክኒን ከሆነ ከስምንት አይበልጥም ማለት ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራ ወይም ኩላሊት ለሚያማት ሴት አደጋ ስላላቸው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም።

ደረትና ብብት ደንዝዘው ሳሉ የሚያቃጥል ነገር አይሰማም። ስለሆነም ሙቅ ውኃ የያዘ ጠርሙስ ወይም የጋለ ጨርቅ ማስጠጋት ክልክል ነው።

ነርሷ መጥታ «እማማ፣ ያምዎታል?» ስትል አብዛኞቹ እናቶቻችን «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብለው ይመልሳሉ። ምስጋናው መልካም ነው። ነርሷ ግን በመዝገቡ ላይ የምትጽፈው «ሕመም የለም» ብላ ነው፤ መድኃኒቱም ይቀራል። ስለዚህ ፈጣሪን ካመሰገኑ በኋላ እውነቱን መናገር ነው። ምንም ሕመም ከሌለ ዜሮ፣ ከዚህ የባሰ አይኖርም ከተባለ ዐሥር ብሎ በቁጥር መግለጽ ይቻላል። ቁጥሩ የማይመቻት ሴት «ከምጥ ያንሳል» ወይም «እንደ ጥርስ ሕመም ነው» ብትል ነርሷ ትረዳታለች። የሚጠየቀውም ተኝቶ ሳሉ ስላለው ሕመም ብቻ መሆን የለበትም፤ ሲያስሉና ክንድ ሲያነሡ ያለውም መነገር አለበት።

የቤተሰብ ድርሻ

አስታማሚ ሆኖ የሚያድር ባል፣ እኅት ወይም ልጅ የመድኃኒቱን ሰዓት በወረቀት ጽፎ መያዝ ይችላል። ታካሚዋ ስታቃስት «አይዞሽ፣ ቻይው» ከማለት «ነርሷን ልጥራልሽ?» ማለት የበለጠ ርኅራኄ ነው። ጠያቂ ሲበዛባት እንድታርፍ ማድረግም የቤተሰብ ሥራ ነው።

ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ ሐኪሙ ወይም የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያው እንዳሳያት ክንዷን ጥቂት በጥቂት ማንቀሳቀስ አለባት። ጸጉሯን ማበጠርና ጣቶቿን በግድግዳ ላይ ወደ ላይ ማስኬድ ከተለመዱት እንቅስቃሴዎች ውስጥ ናቸው። ክኒኑን ወስዳ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ብትጀምር ይቀላታል። ውኃ የሞላ ባልዲ መሸከምን፣ ሊጥ ማቡካትንና ልጅ ማዘልን ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ሌላው የቤተሰብ አባል ይሥራላት።

ከሦስት ወር በኋላም ካልተወ

ቁስሉ ከደረቀ በኋላም ሕመሙ የማይተዋቸው ሴቶች ጥቂቶች አይደሉም። ጥናቶች ቁጥሩን በተለያየ መጠን ያስቀምጡት እንጂ ብዙዎቹ ከአምስት አንዷ እስከ ግማሽ ያህሉ ድረስ ይገምቱታል። በዕድሜ ወጣት የሆነች፣ የብብት ንፍፊቷ በብዛት የወጣ፣ የጨረር ሕክምና የተደረገላት፣ እንዲሁም በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጣም የታመመች ሴት ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠች ናት። ሕመሙ ያቃጥላል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፤ አንዳንዴም የልብስ መንካት ብቻ ያስቆጣዋል። የተወገደው ጡት ራሱ ያለ መስሎ የሚያማትም ሴት አለች። ይህ የአእምሮ መታወክ አይደለም፣ የተጎዳ ነርቭ ሥራ ነው።

እንዲህ ላለው ሕመም ተራው ማስታገሻ ብዙ አይረዳም። እንደ አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን ያሉ የነርቭ ሕመምን የሚያረጋጉ መድኃኒቶች አሉ፤ በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳሉ። አዲስ የመጣ ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ደግሞ በሽታው ተመልሶ እንዳይሆን መመርመር ስላለበት በዝምታ መታለፍ የለበትም።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶች ቃል ለካንሰሩ ብቻ ሳይሆን ለሕመሙም ይሠራል። የጡት ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ያላት እናት ካለች ይህን ገጽ ቆርጣ ከካርዷ ጋር ይዛ ትሂድና አራቱን ጥያቄዎች ትጠይቅ። ማንበብ የማትችል ጎረቤት ያለቻት ደግሞ ታንብብላት።